ቀረጥ የተከፈለበት አየር

ወንድ ልጅ ኳስ መጫወት የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሐኪም ሲያዝለት ነው። በልጅነታችን የተጫወትነው ሁሉ ልምምድ ነበር። ዋናው ጨዋታ የሚጀምረው አርባን ከተሻገርክ በኋላ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ጎረምሳ ወረቀትህን አይቶ «አባቴ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ይንቀሳቀሱ» ያለህ ቀን ነው። ስኳሩስ ግድ የለም። «አባቴ» የምትለዋ ናት የምታመው። እኔ በማግሥቱ ጤና ቡድን ገባሁ።

ጤና ቡድን የሌለው ከተማ መቼም የለም። ጠዋት ጠዋት ቦርጫቸውን አስቀድመው ሜዳ የሚገቡ ጎልማሶች አላያችሁም? እነሱ ናቸው። እኛ የአሶሳዎቹ ሠላሳ ደቂቃ እንሮጥና፣ ሜዳው ዳር ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠን ስለሮጥነው ሩጫ ሁለት ሰዓት እናወራለን። ሐኪሙ ያዘዘልን የትኛውን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም።

ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ብዙ አይደሉም። ሊቀመንበራችን አያ ይመር ናቸው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ የማንጎ ጌታ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን አሶሳ ኖረው አንደበታቸው ገና ወሎ ነው። ግብ ጠባቂያችን ባበከር ነው፤ የሆሞሻ ተወላጅ፣ በርታ፣ ገበያው መሐል ሱቅ ያለው ነጋዴ። በርትኛና ዐረብኛ እንደ ልቡ ነው። አማርኛ ሦስተኛው ስለሆነ ኳስን አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ያደርጋታል። ሲይዛት ግን አይሳሳትም። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪና የቡድኑ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ያደረጉኝ ጽሑፌ አምሮ አይደለም፤ ስልኬ ትልቅ ስለሆነ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከኳሷ ልጀምር። እኛ አገር ኳስ እንዴት እንደሚገዛ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ይነፋል። ከዚያ መሬት ላይ ይነጥራል። ከዚያ ሻጩ ባልዲ ውሃ ያቀርብና ኳሱ ይነከራል። አረፋ ከወጣ «በል ይቅናህ» ብሎ መሄድ ነው። ሻጩም አይቀየምም። ወርቅ ባለበት አገር ሰው ሳይፈትን አይገዛም እኮ! መንጌ ሄዳችሁ ወርቅ ስትገዙ በዓይናችሁ ብቻ አይታችሁ ታምናላችሁ? ኳስስ ቢሆን?

የኛ ቡድን ግን ከሌላው ይብሳል። አንድ ጊዜ አያ ይመር ለሥራ ወጣ ብለው ሳሉ በርካሽ አገኘሁ ብለው ያልተነፋ ኳስ ገዝተው መጡ። ተጣጥፎ በኪሳቸው ነው የመጣው። ስንነፋው ፓፓያ ሆነ። በጌታ! አንዱ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ቀረ። ወደ ግራ ስትመታው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ስትመታው ቆም ብሎ ያስባል። ሁለት ወር በፓፓያ ተጫወትን። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንቀጽ ሰባትን ጨመርን። «ማኅበሩ ያልተነፋ፣ ያልነጠረና ውሃ ያልተነከረ ኳስ አይገዛም» ይላል። ማኅተም ተደርጎበታል። ማኅተሙን ያስቀረጽነው የራሳችን ኳስ ከመኖሩ በፊት ነው፤ እሱን ተዉት።

አሁን ወደ ቁስላችን ልምጣ። ከሆሞሻ ጤና ቡድን ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ እንጫወታለን፤ አንዴ እነሱ ጋ፣ አንዴ እኛ ጋ። ሕጉ ቀላል ነው። ኳስ የሚያቀርበው ጋባዡ ነው። ኳስ ካለቀ ጨዋታው ያልቃል፤ ጋባዡም ተሸነፈ ማለት ነው። የተሸነፈ ፍየል ያርዳል። ባለፈው ዓመት እኛ ጋ ስንጫወት ሁለት ለባዶ እየመራን፣ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ያለችን አንዲት ኳስ ከሜዳው ጠጠር ጋር ተጣላችና ዷ! አለች። ሁለት ለባዶ እየመሩ መሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ፍየሉን አረድን። በልተው አፋቸውን ከጠረጉ በኋላ ደግሞ የባበከር አማች ሐሩን ስም አወጣልን። «ፍንዳታዎቹ» አለን። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በኪሳችን ይዘን የምንዞር ሰዎች ፍንዳታ ተባልን!

ሐሩን የሆሞሻ አጥቂ ነው። የባበከር ሚስት ወንድም ነው። ስለዚህ ባበከር ለበዓል ወደ ሚስቱ ዘመዶች ሲሄድ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በአፋቸው «ዷ!» ይሉታል። ያ ሁሉ ዓመት ግብ ጠብቆ የቀረለት ስም ይኼ ነው። ጉልበቱም እምቢ እያለው መጣ። አንድ ቀን ማንጎው ሥር እግሩን እያሸ «እኔ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቷል» አለን። «ከሆሞሻ ጋር ይጫወታል፣ ከዚያ ጓንት ይሰቅላል፣ ኸላስ። ግን ኳስ አይፈንዳ። ኳስ ከፈነዳች እኔ እስኪሞት ድረስ ፍንዳታ ነው።» ማንም አልሳቀም። በዚያን ጊዜ ነው እኔ ተነሥቼ የተናገርኩት። ኳስ አመጣለሁ አልኩ። ከቻይና! አንድ አይደለም፣ አሥራ ሁለት!

ምን ሆኜ እንደተናገርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለነገሩ ሌሊቱን ስልኬ ላይ አይቼው አድሬ ነበር። ምን ያለ ኳስ መሰላችሁ! የተሰፋ ሳይሆን የተጣበቀ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ጠጠር የማይፈራ። ዋጋውን ሳየው ዓይኔን አሸሁ። አሶሳ ገበያ ለአንድ ኳስ በምንከፍለው ሦስት ይመጣል። «እንዴት እስከ ዛሬ አላወቅንም!» ተባለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለና በአንድ ጠዋት መዋጮው ሞላ። የአንድ አባላችን ዘመድ ቻይና የሚመላለስ ነጋዴ ስለሆነ ክፍያውን እሱ ጨረሰልን። ምርጫውና ጽሕፈቱ የኔ ሆነ፤ ቻይና የት እንዳለች በካርታ ላይ የማውቀው እኔ ነኛ!

ሻጯ ሴት ናት። በስልክ እንጻጻፋለን፤ የኔን አማርኛ መተርጎሚያው ወደ ቻይንኛ፣ የሷን ቻይንኛ ወደ አማርኛ ይገለብጣል። ሁልጊዜ «ውድ ወዳጄ» ብላ ነው የምትጀምረው። ሚስቴ አንዴ አየችውና ማብራሪያ ተጠየቅሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ቀጥሎ ያለው ስለ ላስቲክ ነው።

«ውድ ወዳጄ፣ ኳሶቹ አየራቸው ወጥቶ፣ ተጣጥፈው ይላኩ?» አለችኝ።

አንቀጽ ሰባት ትዝ አለኝ። በፍጹም፣ ተነፍተው ነው የሚላኩት አልኳት። «ውድ ወዳጄ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለች። ነኝ አልኩ። በማግሥቱ እንደገና «ውድ ወዳጄ፣ ሌሎች ደንበኞች ሁሉ አየር የሌለው ነው የሚወስዱት» ብላ ጻፈች። ይኼን ማንጎው ሥር ሳነብላቸው አያ ይመር ብድግ አሉ። «የዚች ሴትዮ ኳስ ቀዳዳ አለው! ሦስት ጊዜ እሚጠይቅ ሻጭ እሚደብቀው አለው። ኸነ አየሩ ነው በላት! ውሃም ትንከረው!» አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለን አጨበጨብን። ባበከር ብቻ ራሱን ነቀነቀ። «ያ ኡስታዝ፣» አለኝ፤ አስተማሪ በመሆኔ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ «እኔ ነጋዴ ነው። እቃ ባዶ ይመጣል፣ እዚህ ይሞላል። አየር አሶሳ ሞልታለች፣ ነጻ ነው።» ተው እንጂ አንተ ደግሞ፣ ሁለተኛ ፓፓያ ልታመጣብን ነው ወይ ተባለ።

ሴትዮዋ ምን እንዳደረገች ታምናላችሁ? አሥራ ሁለቱንም ኳስ ነፍታ፣ አንድ በአንድ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ስትነክር ቪዲዮ ቀርጻ ላከችልን! አንድም አረፋ የለ! ሃያ ሰው አንዲት ስልክ ላይ ተደፍቶ፣ በእያንዳንዱ ኳስ ሆ! እያለ ሲያይ መንገደኛው ሰው የሞተብን መስሎት ቆመ። ከቪዲዮው ጋር የላከችው የሽያጭ ሰነድ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች። ማጓጓዣ፣ ቀረጥና ልዩ ልዩ ወጪ በተቀባዩ ይሸፈናል ትላለች። አንብቤያታለሁ። አላነበብኩም አልልም። ግን ትምህርት ቤታችን ውስጥ «ልዩ ልዩ ወጪ» ማለት ጠመኔና የስብሰባ ሻይ ነው። ታዲያ ምን ያስደነግጠኛል?

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት! እንደነሱ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ዕቃው የት እንደደረሰ በስልክ ይታያል እኮ። «ከመጋዘን ወጣ» ይላል፤ እኔ ክፍል ውስጥ እጮሃለሁ። ካርታ ሰቅዬ መንገዱን በቀይ አሰምርለት ነበር። ተማሪዎቼ የእስያን ጂኦግራፊ እንደዚያ ጊዜ ወደውት አያውቁም። ጠዋት ስገባ «ቲቸር፣ ኳሱ የት ደረሰ?» ነው። የባጃጅ ሾፌሩ «ዛሬስ?» ይለኛል። ዳቦ ቤት ተሰልፌ «ጓንዡን ለቀቀ ወይ?» ያሉኝ እናት አሉ፤ የቻይናዋን ከተማ ስም ማን እንደነገራቸው እንጃ። አንድ ቀን ስልኩ «አዲስ አበባ ደርሷል» አለ። ለጨዋታው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ባበከር ሱቁን ዘግቶ ሜዳው ድረስ መጥቶ አቀፈኝ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ያልፈራነው ደረሰ።

አዲስ አበባ ዕቃውን ከጉምሩክ የምታስወጣልን ትራንዚተር ይዘናል። ሰናይት ትባላለች። ድምጿ ረጋ ያለ ነው፤ መጥፎ ውጤት የምትነግር ሐኪም ትመስላለች። ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ የተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁሉም ከበበ። መጀመሪያ የአውሮፕላን ማጓጓዣውን ነገረችን። የኳሶቹ ዋጋ አንድ ቢሆን፣ ማጓጓዣው ሁለት ተኩል ነው።

«ልጄ፣ ተሳስተሽ ይሆናል» አሏት አያ ይመር። «አሥራ ሁለት ኳስ እኮ ነው። አንድ በግ አያህልም!»

አልተሳሳተችም። አውሮፕላን የሚያስከፍለው በክብደት ብቻ አይደለም አለችን። ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ከሆነ በያዘው ቦታ ልክ ይመዘናል። የኛ ካርቶኖች ደግሞ የአንድ ቁምሳጥን ቦታ ይዘዋል። ቀጥላ ኢንሹራንስ አለች። «ኳሱ ኢንሹራንስ አለው?» አለ አንዱ። «እኔ እንኳ የለኝም!» ቀጥላ ቀረጥ አለች። እሱንስ ጠብቀናል አልናት። ግን ቀረጡ የሚታሰበው በኳሱ ዋጋ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ኳሱ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምረው ነው። ከዚያ ቫት መጣ። ቫቱ ደግሞ ያ ሁሉ ከነቀረጡ ተደምሮ ነው። ከዚያ ሱር ታክስ። እሱም ከነቫቱ ተደምሮ። ከዚያ ሌላም አለች፤ ስሟን አልያዝኩም፤ መያዝም አልፈለግሁም። ማንጎ ለማውረድ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ሲወጣ አላያችሁም? እንደዚያ ነው። ከታች ያለው ከሲታው ኳሳችን ነው። ትራንዚተሯ የራሷንም ድካም ደረበችበት፤ እሷስ ምን ታድርግ? እስከ ሐሙስ ካላወጣን ደግሞ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል አለችን።

ሰናይት አዘነችልን መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ አለች። «ይቅርታ፣ ኳሱን ተነፍቶ ይምጣ ያለው ማነው? ሳይነፋ ቢሆን እኮ አንዲት ትንሽ ካርቶን ነበረች። ይሄ ሁሉ ማጓጓዣ የአየሩ ነው።»

ሃያ ሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ አንቀጽ ሰባት ዞርኩ። አንቀጽ ሰባት ወደ አያ ይመር ዞረ። አያ ይመር ራሳቸውን ያዙ።

«እኮ አየሩ ነው በአውሮፕላን የመጣው?»

አዎ፣ አባቴ፣ አለች።

«አየሩ ነው ኢንሹራንስ የተገባለት?»

አዎ።

«ቀረጡም... ኸነ ቫቱ... አየር ላይ?» አሉና ተቀመጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። አየር የሌለበት አገር ያለን ይመስል በሰማይ በኩል አየር አስመጣን!

ሳቄ መጣ። እመኑኝ፣ ከዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሐል ሳቄ መጣ። ግን ባበከርን አየሁትና ዋጥኩት። ጉልበቱን ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። ዘንድሮም ጋባዦቹ እኛ ነን፤ ኳሶቹ ካልወጡ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ ፍየል አለ፤ እሱም እንደ ፍንዳታ ጓንቱን ይሰቅላል። ባዶውን ይምጣ ብሎ ነግሮን ነበር እኮ። «ነግሬ ነበር» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ይኼው ነው አንጀቴን የበላው።

ለማልያ ያጠራቀምነው ነበር፤ አወጣነው። አልሞላም። አያ ይመር አንድ ጭነት ማንጎ ሸጡ። እኔ ለሚስቴ ያልነገርኳትን ነገር አደረግሁ፤ እዚህም አልናገረውም፤ ታነበዋለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰናይት ወጥቷል ብላ ደወለች። ሆ አልን። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

«አሁን ወደ አሶሳ በአውቶቡስ ልላከው ነው» አለች። «አየሩን ላስተንፍሰውና በአንድ ኬሻ ይግባ? ርካሽ ይሆንላችኋል።»

አያ ይመር ከተቀመጡበት ዘለሉ። «ምን አልሽ? አየሩን? ቀረጥ የተከፈለበትን አየር? ኸዚያ ኸጓንዡ አምጥተን አዲስ አበባ ላይ ልንበትነው?» እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ ልክ ነው አልኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ያን ያህል ከፍለህበት ሲያበቃ ጭስስ ብሎ ሲወጣ ማሰብ ያማል። ባበከር እጁን አውጥቶ «አየር ነጻ ነው፣ ወላሂ እዚህ አለች፣ ተንፍሱ እዩ» ብሎ ለመነን። ድምፅ ተሰጠ። አየሩ አሸነፈ። ባበከርን የደገፈ አንድም እጅ አልነበረም።

ስለዚህ አሥራ ሁለት የተነፉ ኳሶች በመረብ ታስረው የአውቶቡስ ሦስት ወንበር ያዙ። ረዳቱ ያለ ትኬት አልጭንም አለ። ትኬት ደግሞ ያለ ስም አይቆረጥም። ሰናይት ምን ታድርግ? በአያ ይመር፣ በባበከርና በኔ ስም ቆረጠች። እኔ አሶሳ ተቀምጬ በዚያው ቀን ነቀምት ምሳ በልቻለሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ መናኸሪያው ሞላ። ሙሽራ የምንቀበል ነው የምንመስለው። አውቶቡሱ ሲገባ በመስኮቱ ነጫጭ ጭንቅላቶች ይታያሉ፤ ኳሶቻችን ናቸው! ተማሪዎቼ ጮኹ። ባበከር አንዱን አቀፈ፤ ሳመው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ፊቱ ተለወጠ። «ኡስታዝ፣ ይሄ ድንጋይ ነው» አለኝ።

እንዴት ድንጋይ አይሆን? ጓንዡ ባሕር ዳር ያለች፣ ዝቅተኛ አገር ናት። የኛ አገር ከፍታ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር የውጭው አየር ይሳሳል፤ የውስጡ እየገፋ ኳሱን ያጠነክራል። የአሶሳ ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ እንዴት ይሆን! ይኼንን በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ፈተና አወጣበታለሁ። ያልመለሰውን እጥላለሁ። እኔን ግን ማን ይጣለኝ?

እሑድ ጠዋት ሆሞሻዎች መጡ። ሐሩን ገና ከመኪና ሳይወርድ በአፉ «ዷ!» አለ። አሥራ ሁለቱን ኳስ ሲያይ ግን አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዳኛው የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ኳሱን ጨብጦ አየና «ይህ ኳስ ነው የወፍጮ ድንጋይ? ይተንፍስ እንጂ፤ የሰው እግር ይሰበራል፤ ካልሆነ ራሱ ይፈነዳል» አለ። መርፌውን ከኪሱ አወጣ።

ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። ዳኛው ሰዎቹ አብደዋል ብሎ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ማን ያስረዳው? መርፌውን ሰካው። ጭስስስስስ...

«ቀስ! ቀስ በል አንት ልጅ!» ይላሉ አያ ይመር፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው። «በቃ! ሱር ታክሱን ብቻ አውጣ! ኸሱ አትለፍ! ወይኔ፣ ኸነ ቫቱ ወጣ!» እንባ በዓይናቸው ሞልቷል፤ የሐዘን ይሁን የሳቅ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ከሆሞሻዎቹ አንዱ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጉንፋን ነው አልኩት።

ማልያ የለንም፤ ገንዘቡን አየር በልቶታል። ያገኘነውን ለብሰን ገባን። ጨዋታው ግን! እንደዚያ ቀን ሮጠን አናውቅም። ኳሷ ስትመታት ቃል ትሰማለች፤ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ ናት። በሃያኛው ደቂቃ አንድ ግብ አገባን። ያገባሁት እኔ ነኝ። ኳሷ ጉልበቴን መትታ ነው የገባችው፤ ለሚስቴ ግን አስቤበት ነው ብያታለሁ። ከዚያ በኋላ ግባችን ላይ የኳስ ዝናብ ዘነበ። ባበከር ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ጉልበቱን ይዞ ይነሣል። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የኛ ተከላካይ ደክሞት ነው መሰለኝ ኳሷን በእጁ ያዛት። ፍጹም ቅጣት ምት።

የሚመታው ማን መሰላችሁ? ሐሩን ነው እንጂ! ኳሷን አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሄደ። ይኼኔ አያ ይመር ከመስመር ውጪ ቆመው «ባበከር! ለጎሉ ግድ የለም፣ አየሩን ያዝ!» ብለው ጮኹ።

ሐሩን መታት። ባበከር ወደ ቀኝ ወደቀ። ኳሷ ደረቱ ላይ ዷ! አለች። ባበከር ኳሷን አቅፎ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ቀረ። ፊሽካው ተነፋ፤ አለቀ፤ አሸነፍን! ማን ፊሽካ ይሰማል? እሱ አይነሣም። ሮጥን። ሐሩን ቀድሞን ደረሰ፤ «ያ ነሲቢ፣ ምን ሆንክ?» ይላል፤ አማቼ ማለቱ ነው፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

ባበከር ጆሮውን የኳሷ መንፊያ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል። እጁን አንሥቶ ዝም በሉ አለን። አዳመጠ፣ አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ።

«አልወጣችም!» አለ። «ነፍስ አለው!»

ፍየሉን እነሱ አረዱ። ሐሩን ሥጋ እየጎረሰ ይሄን ኳስ በስንት ገዛችሁት ብሎ አያ ይመርን ጠየቃቸው። «ኳሱማ ርካሽ ነው» አሉት፤ የቀረውን አልነገሩትም። ወዲያው ባበከር ጓንቱን አወለቀና ያቺን የያዛትን ኳስ መታሰቢያ ትሁነው ብለን አጸደቅንለት። አንቀጽ ሰባትም በዚያው ተሰረዘ፤ የቀሩትን አሥራ አንድ ኳሶች አስተንፍሰን በአንድ ኬሻ ከተትናቸው። ከእንግዲህ ኳስ የምንገዛው ተጣጥፎ ነው፤ ተጽፎ ማኅተም ተደርጎበታል። ትምህርት ተገኘ ማለት ነው።

እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ሻይ ቅጠል ልገዛ ባበከር ሱቅ ሄድኩ። ኳሷ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በስኳሩና በሳሙናው መሐል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች። «አይሸጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። አንድ ደንበኛ ትንሽ ጠንከር ብላለች፣ ቀነስ ባደርግላት ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ባበከር በዚያ ጉልበቱ ከባንኮኒው ጀርባ ዘሎ መንፊያዋን በመዳፉ ሸፈነ። ሰውየው ደንግጦ ወጣ።

ሳቅሁበት። አንተ አይደለህም እንዴ አየር አሶሳ ሞልታለች፣ ነጻ ናት፣ ትውጣ ብለህ የለመንከን አልኩት።

ኳሷን በጨርቁ ጠረግ ጠረግ አደረጋትና ወደ ቦታዋ መለሳት።

«ያ ኡስታዝ፣ ነጻ አየር አሁንም ሞልታለች» አለኝ። «ቀረጥ የከፈለ አየር ግን እሱ ብቻ ነው።»